ለአንድ የገመድ ማሠሪያ ወደ ጅቡቲ

ሰኞ፣ ከአዳማ ወደ ሚሌ

በሰኔ 2001 ጅቡቲ የወረድኩት ለንግድ አይደለም፤ ሥራ ፍለጋም አይደለም። የወረድኩት ሁለት ቀንድ ያለው፣ ርዝመቱ ከክንዴ የማይበልጥ የመርከብ ገመድ ማሠሪያ ለመለካት ነው። ይህን ስናገር ያልሳቀብኝ ሰው አላጋጠመኝም። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በቀድሞው ባሕር ኃይል በአንዲት የጥበቃ መርከብ ላይ የወለል ኃላፊ ነበር። ገመዱም፣ መልህቁም፣ የጠርዙ አጥርም፣ ቀለሙም በእሱ እጅ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ መርከቧ ከነባሕረኞቿ ጅቡቲ ገብታ ቀረች። አባቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሻንጣ ይዞ በባቡር ተመለሰ፤ ስላሳለፈው ነገር ግን አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም። ከዚያ የስኳር በሽታ ዓይኖቹን ወሰደበት። የሰፈር ሰው «ባሕር የሌለው ባሕረኛ» እያለ ሲቀልድበት አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ የምር እንዳልሆነ ግን እኔ አውቃለሁ።

እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ስወጣ የድሮ የጦር መርከቦችን ሞዴል ከእንጨት፣ ከናስና ከቆርቆሮ እሠራለሁ። የአባቴን መርከብ በሃያ እጥፍ አሳንሼ ለመሥራት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው ሚያዝያ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከአፍንጫዋ ጀምሮ በጣቶቹ ዳሰሳት፤ የፊተኛው ወለል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የገመድ ማሠሪያው ነዋ፣ አባዬ።»

«አይደለም። የእኔ እንዲህ አልነበረም።»

ሞዴሏን ወደ እኔ ገፋት። እንዴት እንደነበረ ብጠይቀው «እጄ ነው የሚያውቀው፣ አፌ አያውቀውም» አለኝ። ፕላን የለንም። ያሉን ሁለት ፎቶግራፎች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ባሕረኞቹ ማሠሪያው ላይ ተቀምጠውበታል! ሐኪሙ ደግሞ ኩላሊቱም እየደከመ መሆኑን ነግሮናል። አባቴ ሳይሞት እጁን አሳርፎ «አዎ፣ እሷ ናት» እንዲለኝ ፈለግሁ። የጉዞዬ ዓላማ ይኸው ብቻ ነው።

ከአዳማ የወጣሁት በተሳቢ መኪና ነው። ሾፌሩ ሐብታሙ ይባላል፤ የጎረቤታችን ወንድም ነው። አዋሽ ላይ ጥብስ እየበላን የመጣሁበትን ነገርኩት።

«ኧረ በሞቴ! በሰኔ ወር እዚያ እሳት ውስጥ የምትገባው ለብረት ነው?» አለ። «ብረት ከሆነ እኔ ጋራዥ ሞልቶልሃል።»

ከገዋኔ በኋላ ሙቀቱ ወሬያችንንም ዘጋው። ሚሌ አደርን።

ማክሰኞ፣ ፔካ 12

ጋላፊ ላይ ማኅተም ለማስመታት ሦስት ሰዓት ተሰለፍን። ድንበሩን ካለፍን በኋላ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። ከመንገዱ ከጉድጓድ የተረፈው ጥቂት ነው። ዲኪል ላይ መቶ ፍራንክ ከፍዬ የገዛሁት ቀዝቃዛ ውሃ ሳልጨርሰው ሻይ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ካለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ፣ ፔካ 12 ደረስን። የኛ መኪኖች ተራ እየጠበቁ በመቶ ሜትሮች ተደርድረዋል፤ ሾፌሮች ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል፤ ከየአቅጣጫው የሚሰማው አማርኛ ነው። ሐብታሙ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኝና በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «ብረትህን ካጣህ እዚሁ ተመለስ፤ ባዶ እጅህንም ቢሆን እመልስሃለሁ» አለኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ አርሂባ

በከተማው የማውቀው አድራሻ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ንጉሤ የአባቴ የመርከብ ጓደኛ ነው። አባቴ ሲመለስ እሱ ቀረ፤ አንዲት አፋር አግብቶ አርሂባ በሚባል ሰፈር ከወደቡ አጠገብ ይኖራል፤ የመጋዘን ጥበቃ ነው። በሩን ሲከፍትልኝ ፊቴን ትክ ብሎ አየና ስሜን ሳይጠይቅ ያባቴን ስም ጠራ።

«አለ?»

«አለ። ዓይኑ ግን አያይም።»

«እህ...» ብሎ በሩን ይዞ ቆመ። «ግባ፣ ግባ። ያላ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ አትቁም።»

ከምሳ በፊት ወደ ባሕሩ ወሰደኝ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ በኩል ሲገባ በዚህ ከተማ ሥራ የሚሠራ ሰው አይገኝም፤ ጉዳይ ያለው ቀድሞ ይጨርሳል። የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ ቆመንና በጣቱ አሳየኝ።

«እዚህ ነበረች።»

አየሁ። ዘይት የተንሳፈፈበት ውሃ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሞተ ዓሣ። ሌላ ምንም የለም።

«ቢያንስ ስብርባሪዋ...»

«ፊኒ! አለቀ። በጋዝ ቆራርጠው በኪሎ ሸጧት። ወለሏንም፣ ሆዷንም። የት እንደሄደች እንኳ አናውቅም። አባትህ አልነገረህም?»

አልነገረኝም። አባቴ መርከቧ እዚያው የቆመች እየመሰለው ነው ስሄድ ያልከለከለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጓል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አላፍርበትም። ሦስት ዓመት የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየኝ። ጋሽ ንጉሤ አላባበለኝም። ፀሐዩ እንዳይመታኝ አጠገቤ ቆሞ ጥላ ሆነኝ።

ሐሙስና ዓርብ

ሐሙስ የቁራጭ ብረት መሸጫዎችን ዞርኩ። ሰንሰለት አለ፣ የመኪና ሞተር አለ፣ የመታጠቢያ ገንዳ አለ። ካርቲዬ 2 በሚባለው ሰፈር የአንድ ሐረሪ የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ። የማሠሪያውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሳልኩለት። ባለ ሱቁ መነጽሩን አድርጎ አየና አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በላስቲክ የታሸገ አንድ አመጣልኝ።

«ከቻይና ነው፤ አይዝግም» አለ።

«እኔ የምፈልገው አሮጌውን ነው።»

«አሮጌ? አዲስ እያለ?» ብሎ ሻይ አዘዘልኝ፤ አዘነልኝ መሰለኝ።

ዓርብ ሁሉም ዝግ ነው። በረሃው የሚልከው ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲገባ ጋሽ ንጉሤ ቤት በር ዘግተን ተቀመጥን። የጋሽ ንጉሤ ባለቤት ከየመኖች ምድጃ የተጠበሰ ዓሣና ሰፊ ቂጣ አስመጥታ ነበር፤ ጣዕሙ ግሩም ነው ይባላል፤ እኔ ግን ለክብሯ ስል ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ተስፋ መቁረጥ አፍን ያስራል።

ቅዳሜ፣ ሀራሙስ

ጠዋት ጋሽ ንጉሤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እየሮጠ መጣ ማለት ይቻላል። ሀራሙስ ውስጥ በአንድ የፈረንጅ ቤት የምትሠራ እመቤት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ የጊቢያቸው አትክልት ውስጥ «የመርከብ ነው» የሚባል ብረት መኖሩን ነግራው ነበር።

ሀራሙስ ሌላ አገር ነው። ግንቡ ነጭ፣ አበባው በሰኔም እርጥብ። እመቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች በጓሮ በር አስገባችን።

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ወንድሜ። ማዳም ሳትነሳ እዩት» አለችን።

ከቦገንቪላው ሥር ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ድቡልቡል። ጋሽ ንጉሤ ተንበረከከና ከቀንዱ በታች ዳሰሰው። በአውራ ጣቱ አፈሩን ጠረገለት።

«የእኛው ነው» አለ። «ይኸው ብየዳው። እኔ ነኝ የበየድኩት። የፊተኛው ወለል፣ የግራው።»

ማዳም ጫጫታችንን ሰምታ ወጣች። እመቤት በፈረንሳይኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቅንቃ፣ ልጆቹ ሁልጊዜ እንደሚደናቀፉበትና ብንወስደው ደስ እንደሚላት ተናገረች። በቃ፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ስንመለስ በነዚያ ሁሉ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።

እሁድ፣ አርሂባ

አሁን የምጽፈውን ባልጽፈው በወደድኩ።

ሞዴል ሠሪ ደንብ አለው፤ የሚለካው ብረቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም። ቀለም ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጠርዝ ያደበዝዛል፤ መለኪያውን ካሊፐር ያታልላል። ሃያ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው። ጋሽ ንጉሤ ሥራ ላይ ሳለ ከሱቅ የቀለም ማስለቀቂያና የሽቦ ብሩሽ ገዝቼ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ቀለሙ በቀላሉ አለቀቀም። ግራጫ ሲላጥ ሌላ ግራጫ፣ ከሱ ሥር ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ እንደገና ግራጫ፤ መጨረሻ ላይ ዝገት የሚከላከለው ቀዩ አንቲረስት። ቅርፊቱ እንደ ቀረፋ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቃል። ከጥዋት እስከ ቀትር ፋቅሁት። ከሥሩ ስል ጠርዝ ያለው ንጹሕ ብረት ወጣ። አምራቹ የሠራው ትክክለኛ ቅርጽ! ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ደገምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጥዋት ጥቂት ነው። ቅርፊቱን በመጥረጊያ ሰብስቤ ከቆሻሻው ጋር ደፋሁት፤ የቆሻሻ ጋሪውም መጥቶ ወሰደው።

ጋሽ ንጉሤ በቀትር ገባ። ብረቱን አየ።

«ማን ላጠው?»

«እኔ ነኝ። ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት።»

«ልክ?» አለ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ልጄ፣ እኛ እዚህ ወደብ ላይ ስንቀር ደመወዝ ቆመ። ነዳጅ የለ፣ አዛዥ የለ። ባንዲራዋን እንኳ የሚጠይቅ የለም። አባትህ ግን በየቅዳሜው ብሩሽ ያስይዘን ነበር። ማንም አላዘዘውም። ከምግባችን እየቀነስን ቀለም እንገዛለን። መጀመሪያ የሚቀባው ይሄን ነው፤ በገዛ እጁ። ‹መርከብ የሚሞተው ቀለሙ ሲቆም ነው› ይለን ነበር። ሊሸጧት ሲመጡም ቀለሟ አልደረቀም።»

ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄጄ ባዶውን በርሜል አየሁት። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ነው የሄድኩት። ተመልሼ ስመጣ ጋሽ ንጉሤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ አዳማ

ሐብታሙ ፔካ 12 ላይ ጠብቆኛል። ማሠሪያውን ሲያይ «አገኘኸው! ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» አለ። ሲበዛ ደክሞኛል አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ብረቱ እግሬ ሥር ተቀምጦ፣ ለአባቴ ምን እንደምለው ሳወጣ ሳወርድ ጋላፊንም ሚሌንም ሳላያቸው አለፍኩ። መጨረሻ ላይ ስለ ቀለሙ ምንም ላለመናገር ወሰንኩ። ብየዳውን ያገኘዋል፤ እሱ ይበቃዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ለይቶት እንዳገኘነው ነግሬው እጁን ይዤ ብረቱ ላይ አሳረፍኩለት። በሁለት እጆቹ ያዘው፤ አንዱን ቀንድ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ጠርዙን። ፊቱን ስጠብቅ ምንም አልመጣበትም።

«የእኛ አይደለም» አለ። ድምፁ ደግ ነበር። «አይዞህ። ከሌላ መርከብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስለት አልነበረውም። ንጉሤም አርጅቷል፤ ተሳስቶ ነው። ደከምክ እኮ፣ ልጄ።»

እሱ እኔን ማጽናናቱን አልቻልኩትም።

«አባዬ፣ የእናንተው ነው። ቀለሙን እኔ ላጥኩት።»

እጁ ቆመ። ከዚያ እንደገና ዳሰሰው፤ አሁን በዝግታ፣ ከቀንዱ በታች፣ ብየዳው ድረስ። ብየዳው ላይ አውራ ጣቱ ብዙ ቆየ።

«ከግራጫው ሥር ቀይ ወጣ?»

«ወጣ።»

«እሱን የቀባሁት ገና የተረከብናት ጊዜ ነው። አንተ አልተወለድክም ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስንት ድርብ ነበር?»

ዕቃውን በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ልክ ለክቻለሁ። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የቀንዶቹን ክብ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ብጠየቅ በቃሌ እናገራለሁ።

«አልቆጠርኩም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ብረቱን መለሰልኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ የምመልሰው አለኝ፤ የአባቴ መርከብ የቀለሙ ነበረች፣ እኔ የብረቱን ሠራሁ። ይህን ማወቄ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ትክክለኛውን ማሠሪያ ከናስ ቀርጬ ሞዴሏ ላይ ገጠምኩት፤ አልጋው አጠገብ፣ እጁ ሊደርስበት የሚችል ቦታ አስቀመጥኳት። ወር አልፎታል። አባቴ እስካሁን እጁን አልዘረጋም።