አምፖሉን ማን አቃጠለው?

ዛሬ ሸኮ አካባቢ ጉሙ መንገዱን እንደሸፈነው የመኪናዬ የፊት መብራት አምፖል ተቃጠለ። ከተቀየረ ገና ሳምንቱ ነው።

ለእህቷ ልጅ የክርስትና ድግስ የቸኮለችው ባለቤቴ፣ «በዚህ ጉም ያለ መብራት? ወራጅ አለ!» አለችኝ።

ዲናሞው ኃይል አብዝቶ አቃጥሎት እንዳይሆን ራሴ በቴስተር ለካሁት፤ ደህና ነው። «እንግዲያው ጥፋቱ የአምፖል ሻጩ ነው» ብዬ የያዝኩትን መለዋወጫ አምፖል አነሳሁ።

«የሻጩ ነው ወይስ ቆጮ በቅቤ የበላህበት እጅ? ያለፈውንም መስታወቱን ጨብጠህ ነው የገጠምከው!»

አምፖሉን በንጹህ ሶፍት ይዤ ገጠምኩት። ቅባት የነካው መስታወት ሲበራ እዚያው ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቶሎም ይቃጠላል።

ድግሱ ላይ ደርሰናል፣ መብራቱም በርቷል። ሻጩን ግን አሁንም አላመንኩትም።

የእናንተን አምፖል የሚያቃጥለው ምንድን ነው? እጃችሁን ታጥባችሁ ጻፉልኝ።