ሰውየው ራሱ ይጠየቅ

ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ሁሉም «ሐኪሟ» ነበር የሚላት። የጥርስ ሐኪም ናት። ሃምሳዎቹን እስክታጋምስ ድረስ ፖለቲካ የሚባል ነገር አጠገቧ ደርሶ አያውቅም፤ ከገበያው ጀርባ ባለው ክሊኒኳ የሰው አፍ ስታይ ነው የኖረችው። አንድ ክረምት የሰፈሩ የውሃ መስመር ለወራት ተቋረጠና ነዋሪው ከከተማው ሹማምንት ጋር የሚሟገትለት ሰው አጣ። «አንቺ ደፋር ነሽ፣ ሂጂልን» አሏት። ሄደች፤ ተሟገተች፤ ውሃው መጣ። ከዚያ ወዲያ ወደ ክሊኒኳ ተመልሶ አርፎ መቀመጥ አልሆነላትም። መጀመሪያ ለከተማው ምክር ቤት፣ ቀጥሎ ለላይኛው ምክር ቤት ተመረጠች።

ላይኛው ምክር ቤት ሕግ አያመነጭም። ታችኛው ምክር ቤት ያጸደቀውን ረቂቅ ተቀብሎ ይመረምራል፤ ያልጣመውን አሻሽሎ ይመልሳል። አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። ወንበሮቹ አረንጓዴ ቆዳ ለብሰዋል፤ በየወንበሩ ፊት ሲጫኑት ቀይ መብራት የሚያበራ ማይክሮፎን ተተክሏል። ከምሳ በኋላ በሚደረግ ስብሰባ ከአባላቱ ሲሶው ያንጎላጃል። የቀረውም ቢሆን አፈ ጉባኤውን፣ ኮሚቴውንና የመረጠውን ሕዝብ አመስግኖ ሳይጨርስ የተሰጠው ጊዜ ያልቅበታል። እሷ ግን ቶሎ ወደ ነገሩ ነበር የምትገባው። ስለ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት፣ ስለ መድኃኒት ጥራት፣ ስለ እግረኛ መንገድ ተናግራለች፤ አንዱም ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ከጎኗ የሚቀመጠው ጡረተኛ ዳኛ «ክሊኒክ ስትሆን አፍ ታስከፍታለች፣ እዚህ ስትመጣ ታስዘጋለች» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱ ከአዳራሹ ወጥቶ ካፍቴሪያ ድረስ ተሰማ፤ እሷም አልጠላችውም።

በሁለተኛው የሥራ ዘመኗ ስለ ሞግዚትነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ላቃተው ሰው ፍርድ ቤት ከዘመዶቹ አንዱን ሞግዚት አድርጎ ይሾምለታል። ሞግዚት የተሾመለት ሰው ከዚያ ወዲያ የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያክመው በራሱ አይወስንም። አዲሱ ረቂቅ የመጣው ሥራውን ለማቅለል ነው። የዘመድ ማመልከቻና የሁለት ሐኪሞች ማስረጃ ከቀረበ፣ ዳኛው ሰውየውን ሳያይ በወረቀት ብቻ ሊወስን ይችላል ይላል። ፍርድ ቤቶች በመዝገብ ብዛት ተጨናንቀው ስለነበር ማንም አልተቃወመም። ሐኪሟም በኮሚቴ ውስጥ ረቂቁን ደግፋ እጇን አውጥታለች።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሟ መርሳት ጀምሮ ነበር። የከተማ አውቶብስ ሹፌር የነበረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ ስላልነበራቸው ብቻውን ይኖራል። ሐኪሟ ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምትለው፤ እሱ «ትንሿ» ይላታል። ጋሼ ቁልፉን ይጥላል፤ ቀጠሮ ይረሳል። አንድ ቀን ደግሞ አውቶብስ ተሳፍሮ «እዚህ ጋ አትታጠፍ፣ መንገዱ ዝግ ነው» እያለ ሹፌሩን መውጫ መግቢያ አሳጣው። መንገዱ ዝግ የነበረው ድሮ፣ እሱ ራሱ መሪ ሲይዝ ነው። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ጋሼ ለምን እንደሳቁ አልገባውም።

የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ወጣት፣ ጨዋና ፈጣን ሰው ነው። ጋሼን ወንበር ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«እንቅልፍ ይተኛሉ?»

«ይተኛል።»

«ምግብስ ይበላሉ? ሰው ይለያሉ?»

ጋሼ አንዴ ሐኪሙን፣ አንዴ እህቱን አየ። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ዶክተር፣ እዚሁ ነኝ እኮ። ምነው እኔን ብትጠይቀኝ?»

ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ጋሼን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀና ሳያስበው እንደገና ወደ እሷ ዞረ። እሷም ሳታስበው መለሰችለት። ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። ሐኪሟ መሪውን እንደያዘች ረቂቁ ትዝ አላት። ያ ወጣት ከሚፈርሙት ሁለት ሐኪሞች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አመልካቿ ደግሞ እሷ።

ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ስለነበር የቀራት መድረክ የመጨረሻው ክርክር ብቻ ነው። አንድ ማሻሻያ አዘጋጀች። ከማቅረቧ በፊት ግን ጋሼ ቤት ሄደች። ሸሚዝ እየተኮሰ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ምክር ቤት ስላንተ ልናገር ነው። ከፈቀድክልኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ዶክተሩ ጋ የሆነውን።»

ካውያውን አቆመ። «ስሜን ትጠሪያለሽ?»

«አልጠራም። ወንድሜ ብዬ ነው።»

«ያለሽ ወንድም አንድ ነው፣ ትንሿ። የማያውቀው ማን መሰለሽ?» ሳቅ አለና ወደ ሸሚዙ ተመለሰ። «ተናገሪ። ግን እንዳታሳዝኚኝ። አገር ምድሩ ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈልግም።»

የክርክሩ ዕለት አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ተጫነች።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ይህን ረቂቅ በኮሚቴ ደግፌዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ሐሳቤን ስለለወጥኩ ነው» አለች። ምርመራ ክፍል ውስጥ የሆነውን እንዳለ ተረከች። «ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔም ክፉ እህት አይደለሁም። ሁለት ደህና ሰዎች ተቀምጠን አጠገባችን ያለውን ሰው ረሳነው። ይህ ረቂቅ ዳኛውንም ይጨምርብናል። እኔ የምለው፣ ሰውየው ራሱ ይጠየቅ ነው። ዳኛው ይየው፣ ያነጋግረው። ሰውየው መምጣት ካልቻለ ዳኛው ካለበት ይሂድ።»

ጡረተኛው ዳኛ ዕድል ጠየቀ። በዚያ ቀን ቀልድ አልነበረውም።

«ዶክተር የተናገሩት ልብ ይነካል። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ችሎት ላይ ነው። የሚጠየቀው ሰው መናገር ካልቻለስ? ዳኛ ቤት ለቤት ሲዞር የሚቆመውን መዝገብስ ማን ያየዋል?»

«መናገር ካልቻለ፣ ዳኛው አለመቻሉን በዓይኑ ይይ» አለች። «ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለአንድ ሰው ቀሪ ዕድሜ ግማሽ ቀን ምን አላት?»

«እምቢ ካለስ?»

«እምቢታው ይሰማ። ከዚያ ዳኛው ይወስን።»

እዚያ ላይ ብታቆም ይበቃት ነበር። ያንጎላጅ የነበረው ሁሉ ነቅቶ ሲያዳምጣት ግን ልቧ ሞቀና አንድ ነገር ጨመረች። ወንድሟ አንድ ጠዋት በሯን አንኳኩቶ «እማዬ ተነሥታለች?» ብሎ እንደጠየቃት፣ እናታቸው ግን ከሞተች ብዙ ዓመት እንዳለፋት ተናገረች። አንዲት አባል ዓይኗን ጠረገች። ማሻሻያው በጠባብ ልዩነት አለፈ፤ ታችኛው ምክር ቤትም እያጉረመረመ ተቀበለው።

ጋሼ በሬዲዮ ሲሰማ ነበር። ስልክ ስትደውልለት አላነሳም። በማግሥቱ ሄደች፤ በሩን ከፍቶ ግቢ ሳይላት ቆመ።

«የዶክተሩን ፈቅጄልሻለሁ» አላት። «የእማዬን ማን ፈቀደልሽ? እሱ የኔና ያንቺ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቀች፤ እሱ ግን በቀላሉ የሚበርድ ሰው አልነበረም። ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላወጣላትም። በኋላ ወይ ይቅር አላት፣ ወይ ረሳው። የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ሦስት ዓመት አለፈና ጋሼ ባሰበት። ድስት ጥዶ ከቤት ወጣ፤ ጎረቤት ደርሶ ባያጠፋው ቤቱ ይነድ ነበር። ሐኪሟ እሷ ቤት ክፍል አዘጋጅታ እንዲገባ ለመነችው። «በስተርጅና እንግዳ አልሆንም» አለ። ተቆጣችው፤ አለቀሰችበት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ጠበቃ ያዘችና ሞግዚቱ ለመሆን አመለከተች። ሁለት ሐኪሞች ፈረሙ። በመጀመሪያው ረቂቅ ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ።

በሕጉ መሠረት ዳኛዋ ጋሼ ቤት ድረስ መጣች። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ዝቅ ያለ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ጋሼ በሩን ራሱ ከፈተላት። ለክብሯ ኮት ለብሷል፤ ቁልፎቹን ግን አዛንፎ ነው የቆለፋቸው። ዳኛዋ ሐኪሟንና ጠበቃውን ኮሪደር ላይ አስቀርታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ንግግሩ ግን ይሰማል።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አባባ?»

«እንጃ። ጡረታ ለወጣ ሰው ቀን ምን ያደርግለታል?»

«እህትዎ ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ትፈልጋለች። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ደግ ሴት ናት፤ ግን ትዕዛዝ ታበዛለች። እዚያ ከሆንኩ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። እዚህ አልጠይቅም፤ እግሬ ያውቀዋል።»

«ቤትዎ ሊቃጠል ነበር ይባላል።»

«እሱን አላስታውሰውም። እሷ ካለች ግን ሆኗል ማለት ነው። እሷ አትዋሽም።»

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳኛዋ ሞግዚትነቱን በከፊል ብቻ ፈቀደች። ሕክምናውን በተመለከተ ሐኪሟ ትወስናለች፤ መኖሪያውን ግን ጋሼ ራሱ። ምድጃው ከቤት ይውጣ፣ ቀን ቀን አብሮት የሚውል ሰው ይቀጠርለት ተባለ። ሐኪሟ ከፍርድ ቤቱ ስትወጣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር።

«ይሄን አንቀጽ ያስገባው ሰው ቤቱ የሚነድበት ወንድም የለውም!» አለች።

ጠበቃው መሬት መሬቱን አየ። ምን እንዳለች የገባት ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ነው። ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን መኪናው ጋ ሳይደርሱ አለቀ።

ጋሼ ከሁለት ዓመት በላይ በቤቱ ኖረ። ሁሉም ደህና ጊዜ አልነበረም። ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሟ «እኔ ዘንድ ቢሆን አይወድቅም ነበር» ብላ አመነች፤ ምናልባትም ልክ ነበረች። መጨረሻ ላይ እሷንም መለየት አቃተው፤ ስትመጣ ኮፍያውን አውልቆ እንደ እንግዳ ይቀበላት ነበር። በሳንባ ምች ሞተ፤ በገዛ አልጋው ላይ።

በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ሕጉን የሚያሻሽል ረቂቅ ላከ። ዳኞች ቤት ለቤት መዞራቸው ሥራ አጓትቷልና ያ አንቀጽ ይውጣ የሚል ነው። የሐኪሟን ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ትደግፈዋለች ተብሎ ተጠብቋል። ጡረተኛው ዳኛ ፊት ለፊት ጠየቃት።

«ይህ አንቀጽ እርስዎኑ ጎድቷል ይባላል። አይቆጭዎትም?»

«ጎድቶኛል» አለች። «የፈለግሁትን ከልክሎኛል። ወንድሜ የወደቀ ዕለት ዳኛዋን ረግሜያታለሁ። የተሳሳተችው እሷ ትሁን እኔ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ መጠየቁን ግን አውቃለሁ። አንቀጹ ባለበት ይቆይ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልናገርም።»

አንቀጹ አልወጣም። ዳኛው ካልተመቸው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ በእሱ ፈንታ ሰውየውን ሊያነጋግር ይችላል የሚል ሐረግ ግን ተጨመረበት። ሐሳቡን ያመጣው ጡረተኛው ዳኛ ነው፤ አብዛኛው አባል ጥሩ ማስታረቂያ ነው ብሎ ደገፈው። ሐኪሟ ተቃወመች፤ አብረዋት የተቃወሙት ጥቂት ነበሩ። አፈ ጉባኤው ውጤቱን አነበበና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የጭነት መኪናዎችን የክብደት ልክ የሚመለከት ነው። ሐኪሟ መነጽሯን ወልውላ ረቂቁን ገለጠች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልገባት ነገር አገኘችና ማይክሮፎኑን ተጫነች።