መርዶዬን የደበቁኝ መምህር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «አማካሪ ተቀጠረልን፤ የከፋው ተማሪ ገብቶ ያዋራዋል» አለችኝ። እኛም እኮ ነበረን፣ ስም አልወጣለትም እንጂ። ተቀመጭ ላጫውትሽ አልኳት።

በጃንሆይ ጊዜ ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። እናቴ ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለው መንደራችን በሶ አዘጋጅታ በመንገደኛ ትልክልኛለች። የእሷ በሶ ሲበጠበጥ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ፈተና ሲቃረብ የመጣልኝ ግን አሯል፣ ጨውም በዝቶበታል። እኔ ደግሞ በሆዴ ቀልድ አላውቅም። ላመጡልኝ አዛውንት፣ «ሙያሽ የት ገባ ብላለች በሉልኝ» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ፈተናውን በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ቤቱን ሞላው። እናቴ ከሞተች ሦስት ሳምንት አልፏታል። በእኛ አገር መርዶ ቀን ተመርጦለት ነው የሚነገር፤ ፈተናዋ ይለፍ ተባብለው ደብቀውኛል። በሶውን የቆላችው ታናሽ እህቴ ኖራለች።

ትምህርት በቃኝ ብዬ ወደ መንደራችን ተመለስኩ። ክረምቱን ሙሉ ሰው አላናገርኩም። ጠበል ወሰዱኝ፤ ወይ ፍንክች። ማለፌ ተሰምቶ ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ብመደብም፣ አባቴ ተስፋ ቆርጠው ባል ይፈልጉልኝ ጀመር።

መስከረም ላይ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት መምህር ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ከሩቅ አገር የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ወጣት ናቸው። የቀረበላቸውን ጠላ ቀምሰው አስቀመጡና አጥር ጥግ አጠገቤ ተቀመጡ። ምክር የለ፣ ቁጣ የለ። ጨነቀኝና እኔው ጀመርኩ። ለሞተች እናቴ ያን ክፉ ቃል መላኬን ነገርኳቸው። ለማንም አውጥቼው አላውቅም ነበር።

«ያለች መስሎሽ ነው የላክሽው» አሉኝ። «ልጅ እናቱ ላይ ካላጉረመረመ ማን ላይ ሊያጉረመርም ነው? ጥፋቱ የእኛ የደበቅንሽ ነው። እኔም አውቅ ነበር፤ ፊትሽን እያየሁ አስተምር ነበር። ይቅር በይኝ።»

ያኔ አስተማሪ የሚታወቀው በአለንጋው ነው። ተማሪውን ይቅርታ የሚጠይቅ መምህር አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም እሳቸውን የሚያህል ሰው አልገጠመኝም። ለቅሶ ላይ ያልወጣልኝ እንባ እዚያ ወጣልኝ። እስክጨርስ ከጎኔ አልተነሡም። በሳምንቱ ደብረ ታቦር ሄድኩ፤ ኋላም እኔው ራሴ አስተማሪ ሆንኩ።

የልጅ ልጄ ሰምታ ስታበቃ፣ «እሳቸውስ ሲከፋቸው ለማን ይነግሩ ነበር?» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ያን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ወደ ኪራይ ክፍላቸው ብቻቸውን ሲገቡ ኖረዋል። እኔ ግን ይቅርታዬን ሰጥቼ፣ ደህና ነዎት ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።