ያልተፋቀ ሰማይ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወረቀቱን እንደ ሠርግ ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው ዘረጉልኝ። ነጭ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነጭ።

«በጣም ቆሽሾ ነበር» አሉኝ። «የነጠብጣቡ ብዛት! አንድ በአንድ ለቅሜ አጸዳሁልሽ። ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በዚያች «እግዜር ይስጥልኝ» አሁንም አፍራለሁ። ያጸዱት ቆሻሻ ከዋክብት ነበሩ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ መምህራችን እያንዳንዳችን ስለ ሰማይ አንድ ርዕስ መርጠን፣ በትልቅ ወረቀት አሳትመን ክፍል ውስጥ እንድናስረዳ አዘውን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የምንገባበትን ትምህርት ክፍል የሚወስነው ውጤታችን ስለሆነ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር። እኔ የመረጥኩት በመስታወት ላይ የተነሱትን የጥንት የሰማይ ፎቶዎች ነው። ብርሃን የሚይዝ ነገር የተቀባ መስታወት ከቴሌስኮፕ ጋር ያያይዙና ከዋክብቱን እየተከተሉ ለረጅም ሰዓት ያቆዩታል። መስታወቱ ታጥቦ ወደ ብርሃን ሲያዩት ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር ነጥብ ነው። ነጋቲቭ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተነሳ አንዱን ከኢንተርኔት አወረድኩ።

መምህሩ ረቂቄን ሲያዩ ፊታቸው አልተፈታም። «ይሄ አሮጌ ነገር ምን ያደርግልሻል? ዛሬ ከጠፈር ባለቀለም ፎቶ ይላክልናል። የግድ ካልሽ ገልብጪውና ሰማዩን ጥቁር አድርጊው፤ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው።»

«እሺ ቲቸር» አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ አይከብደኝም። ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ማተሚያ ገልብጬ ሞከርኩት። ጥቁሩ ቀለም ተንሰራፍቶ ትንንሾቹን ከዋክብት ዋጣቸው። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ወደ ነጩ ተመለስኩና ከተማ ወርጄ ፋይሉን ፎቶ ቤት ሰጠሁ።

አሁን ደግሞ ባዶውን ወረቀት ይዤ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ከእጄ ሊነጥቀኝ ሲታገል አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ አንኮበር ድጓ ያስተምራል። ጉሙ ለብራና ስለማይመች ፀሐይ ባገኘ ቁጥር መጽሐፉን ደጅ አውጥቶ ያናፍሰዋል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ላስደስተው ብዬ፣ ከአንድ ቃል ራስ ላይ ጉድፍ የመሰለች ነጥብ በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁ። «አባዬ፣ አጸዳሁልህ!» አልኩት። አልመታኝም። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አዜመው፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። የፋቅኳት የዜማ ምልክት ነበረች፤ ድምፁ ያዝ ማለት ያለበትን ቦታ የምታሳይ። «የማታውቂውን አትፋቂ» አለኝ።

ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ነጠብጣቡን ይመልሱልኝ።»

«ምኑን?»

«ያጠፉትን ሁሉ። ኮከብ ነው።»

ሳቁ። «እኔ እኮ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ። የስንቱን ሙሽራ ብጉር ያጠፋሁ ሰው ቆሻሻ መለየት ያቅተኛል? ደግሞስ ሰማይ ነጭ ነው እንዴ?»

«ነጋቲቭ ነው ጋሼ።»

ሳቃቸው ቆመ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ፋይል ከፍተው ብዙ ቆዩበት።

«እሺ፣ ይህችስ?» አሉ፣ ከዳር ያለች እንደ ቅማል እንቁላል ያነሰች ነጥብ እያሳዩኝ። «ይህች እንኳ አቧራ ናት።»

«ልትሆን ትችላለች። አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ታዲያ…»

«ካላወቅኩማ አትነካም።»

«አቤት ግትርነት!» አሉ። ግን እንዳለ አተሙት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰቀልኩት። ከኋላ አንድ የአረርቲ ልጅ «ሰማዩን ኩፍኝ ይዞታል!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

መምህሩ «ገልብጪው ብዬሽ አልነበር?» አሉ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ብለውኝ ነበር ቲቸር። ስገለብጠው ትንንሾቹ ጠፉ። አልገለብጠውም።»

ከዚያ የጸዳውን ባዶ ወረቀት አጠገቡ ሰቀልኩ። «ያማረው ይሄኛው ነው» አልኩ። «ግን ምንም ብትጠይቁት አይመልስላችሁም።» ፎቶው የተነሳበትን ሌሊት ሰማይ የዛሬ ቴሌስኮፕ ተመልሶ ሊያነሳው እንደማይችል ነገርኳቸው። አንድ ኮከብ ዛሬ ቢደበዝዝ፣ ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት ያበራ እንደነበር የሚመሰክረው ያ መስታወት ነው። አዲስ ነገር ሲገኝ ተመራማሪዎች አሮጌዎቹን መስታወቶች አውጥተው ይፈልጉታል፤ አንዳንዴም እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል። ያነሳው ሰው ምን እንዳነሳ ሳያውቅ ሞቷል።

«ታዲያ የትኛዋ ናት ኮከብ፣ የትኛዋ ናት አቧራ?» አለ የአረርቲው ልጅ። አሁን አይስቅም።

«ሁሉንም አላውቅም። ለዚህ ነው አንዷንም ያልፋቅኩት።»

መምህሩ ገለጻዬን ወደዱት፤ ወረቀቱ ግን ንጽሕና ይጎድለዋል ብለው ውጤት ቀነሱብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ገልብጬ ካመጣሁ እንደሚያስተካክሉልኝ ነግረው አንድ ሳምንት ሰጡኝ። የዶርም ልጆች «ምን አለበት፣ ገልብጪውና ውጤትሽን ውሰጂ! በኋላ የፈለግሽው ትምህርት ክፍል ሳይደርስሽ ሲቀር ታለቅሻለሽ» አሉኝ። ምናልባት አለቅስ ይሆናል።

በሳምንቱ ቢሯቸው ሄጄ ያንኑ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። ከዳር ያለችው አቧራ የምትመስል ነጥብም እንዳለች ናት።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ያስተካከልሽው የቱ ጋ ነው?»

«የትም ቲቸር» አልኩ። «ልክ ነው።»