ክሊኒክ ውስጥ የጠራሁት ቡና ቤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይኸም ራሱ ፈሪነት ነው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አሰበ ተፈሪ አስተማሪ ነበርኩ። ክረምቱን መሰላ አካባቢ ወዳለ ገጠር ላኩን። ጽጌ የምትባል አስተማሪም አብራን ዘመተች። ቀን ገበሬውን ፊደል እናስቆጥራለን፤ ከሥራ በኋላ ዘማቹ ሁሉ አንድ ሰፊ ቆርቆሮ ቤት ይሰበሰባል። እኔና ጽጌ እዚያ ተዋደድን፤ ከመዋደድም አለፍን። ማን ይጠረጥረናል? ግድግዳው በመፈክር ተሸፍኗል፣ ሁላችንም የተከበርን መምህራን ነን። ከከተማ የመጣው ጤና ረዳት እንኳ ሰብስቦን "ቡና ቤት አትሂዱ፣ በሽታው ያለው እዚያ ነው" ብሎ መክሮን ሄዷል። እኔ ደግሞ ቡና ቤት ገብቼ ከሻይ በቀር የቀመስኩት ነገር የለም። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ አልኩ። ዘመቻው ሊጀመር ሲል አንድ ሰርግ ላይ ከተዋወቅኋት ሚዜ ጋር ያደረግኩትን አልቆጠርኩትም። የጨዋ ልጅ ነበረቻ! ጨብጥ የጨዋ ሰርግ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ? ሽንቴ ሲያቃጥለኝ እንኳ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኔ፣ የተማርኩት ሰውዬ!

ከዘመቻ ስንመለስ ባሰብኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ያው ጤና ረዳት ነው የተቀበለኝ። መርፌውን እያዘጋጀ፣

"የትኛው ቤት ነው? ንገረኝ እንጂ፣ ልጅቷም ትታከም" አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ወንዱ የቡና ቤቱን ስም ይናገራል፣ ሴቲቱ በቀበሌ ተጠርታ ትወጋለች። ከቡና ቤት ሌላ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ያለ አይመስለውም ነበር። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ግን በእሱ ለምን እናደዳለሁ? እሱስ ጠይቋል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

"ሂርና፣ መንገድ ዳር ያለው ቡና ቤት። ጠይሟ ልጅ" አልኩት።

ለምን እሷን? አንድ ቀን ሻይ ስላቀረበችልኝ መልኳ ትዝ አለኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ሂርና መልእክት ተላከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አውቶቡሳችን እዚያ ሲቆም፣ መንገድ ዳር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ መኪና ስትጠብቅ አየኋት። በመስኮቱ ጫት የምትሸጥልን ሴት "ዋይ! በሽታ አለባት አሉ፤ አሠሪዋ አባረረቻት" አለች። እኔ ፊቴን ወደ ውስጥ አዞርኩ። ወርጄ ምን እላለሁ? ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ፤ አላልኩም።

ጽጌስ? ጽጌን ማንም አልጠራትም። ሴት ላይ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ እንደሚችል ጤና ረዳቱ እዚያው ነግሮኛል፤ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ያኔ አንድ የበደሳ ከተማ ነጋዴ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ስለነበር ስሟን እየጠበቅሁላት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለብቻዋ ጠርቼ "ሂጂና ታከሚ" ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? ትጠላኛለች ብዬ ፈራሁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬም ፈራሁ። እሷ ምንም ሳታውቅ ተዳረች፣ በደሳ ገባች።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ሦስተኛ ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ጽጌም መጣች። ልጁን ከሚስቴ ተቀብላ ታቀፈችውና ከጎኔ ተቀመጠች።

"እኔ እንግዲህ ቀረሁ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተመረመርኩ። የቆየ በሽታ ማህፀንሽን ዘግቶታል አሉኝ። ባሌም ሌላ አገባ። እኔ ምን በሽታ ነበረብኝ? አንተ እንኳ ታውቀኛለህ።"

ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። ከእኔ በፊት ወንድ እንደማታውቅ አውቃለሁ። እኔን ጠረጠረችኝ? አይመስለኝም። ብትጠረጥረኝ ልጄን ታቅፋ ትስምልኝ ነበር?

"የእግዜር ሥራ ነው" አልኳት።

"እሱስ ልክ ነህ፣ ምን ይደረጋል" አለችና የልጁን ፎጣ አስተካከለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በመጀመሪያ ሂርና ባለች አንዲት ምስኪን አሳበብኩ፤ በኋላ ደግሞ በእግዜር። ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ነው፣ አሠራሩ ነው እንዳልል፣ በክርስትናው ቀን ወጣትም አልነበርኩም፤ የጠየቀኝም ጤና ረዳት አልነበረም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጽጌ በሕይወት አለች፣ በደሳ ብቻዋን ትኖራለች። አሁን ከዚህ ብነሳ ለምሳ እደርሳለሁ። እኔ ግን ይኸው ተቀምጬ ለእናንተ እጽፋለሁ።