ቫይታሚን ነው ያልኩት መርፌ

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ባለቤቴም አያውቅም። ከእኔ ሌላ የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም መናገር እንደተሳናቸው ሞቱ።

ነርስ ነኝ። ልደታ፣ ከጌጃ ሰፈር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ጋሽ ታፈሰ እዚያው ሰፈር በርና መስኮት የሚበይዱ ሰው ነበሩ። ከአንጎላቸው ሥር የበቀለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በኋላ ሰውነታቸው የወንድ ሆርሞን ማመንጨት አቆመ። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ጢማቸው ሳሳ፣ መዶሻ ማንሳት እንኳ ያደክማቸው ጀመር። ሐኪሙ ያንን ሆርሞን የሚተካ የቴስቶስቴሮን መርፌ አዘዘላቸው፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ። በየሦስት ወሩ ደግሞ የደም ምርመራ። መድኃኒቱ ከበዛ ደም ያወፍራል፤ የወፈረ ደም ሊረጋ ይችላል። ሐኪሙ ይህን የነገረው ለእኔ ነው። በእጁም ጽፎ ሰጥቶኛል። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

የመጀመሪያውን መርፌ ስወጋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

“ሲስተር፣ ይቺን ነገር የሺ እንዳትሰማ” አሉኝ። የሺ ባለቤታቸው ናቸው።

“ከጠየቁኝ ምን ልበላቸው?”

“ቫይታሚን ነው በያት። በስተርጅና ወንድነቱን በመርፌ የሚሞላ ሰው መባል አልፈልግም።”

ሳቅኩ። ቃል ገባሁላቸው።

በሁለት ወር ውስጥ ሰው ሆኑ። ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው የክሊኒካችንን የተገነጠለ በር በየዱልን። ሲያልፉ ሲያገድሙ በመስኮቱ ብቅ ብለው “የእኔ ሐኪም!” ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። መርፌው እያለቀ ሲሄድ እንደገና ይዝላሉ።

“እስቲ ጥቂት ቀን አስቀድሚልኝ፤ ምን ይመጣል?” አሉኝ አንድ ቀን።

ሐኪሙ ወደ እኛ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢሆንም ስልኩ ነበረኝ። ለምን አልደወልኩም? እምቢ ቢለኝ እኔም እሳቸውን እምቢ ማለት ስለሚኖርብኝ ነው። ካርዳቸው ላይ ሦስት ሳምንት እያልኩ እየጻፍኩ በሁለት ሳምንት ወጋኋቸው። ቆይቶ በአሥር ቀን። የደም ምርመራው ቀን ሲደርስ ሥራ በዝቶብኛል ብለው ቀሩ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ፊታቸው እየቀላ፣ ራሳቸውን እየከበዳቸው ሲመጣ ግን ፈራሁና ደማቸውን ቀዳሁ። ውጤቱ ሰኞ ጠዋት እጄ ገባ። ሐኪሙ ከሃምሳ አራት ካለፈ መርፌው ይቁም፣ ቶሎ ይነገረኝ ብሎ የጻፈልኝ የደም ውፍረት ሃምሳ ስምንት ደርሷል። ሐኪሙ ረቡዕ መጣ። ባሳየው “በሦስት ሳምንት አንድ እየወጋሽ እንዴት እዚህ ደረሰ?” ሊለኝ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አርብ ጋሽ ታፈሰ መጡ።

“ውጤቱ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው። ግን ለጊዜው መርፌውን ብናቆየው…”

“ደህና ከሆነ ለምን ይቆያል? የጀመርኩት ትልቅ ሥራ አለ፤ አሁን አትጣይኝ።”

ወጋኋቸው። ውጤቱ ኪሴ ውስጥ እያለ ወጋኋቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ብየዳ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። እትዬ የሺ ከዘመድ ሁሉ በፊት የደወሉት ለእኔ ነው። ሆስፒታል ስደርስ ጋሽ ታፈሰ ቃሬዛ ላይ ናቸው፤ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አፋቸው ተጣሟል። ተረኛው ሐኪም የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ።

“ቫይታሚን ነው፤ እሷ ናት የምትወጋልን” አሉ እትዬ የሺ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። “ቫይታሚን ብቻ?”

“ቫይታሚን ብቻ” አልኩ።

የጋሽ ታፈሰ ዓይን ተከፍቶ ነበር። እኔን ያዩ ነበር። ሰምተዋል።

ምስጢራቸውን ጠበቅኩ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታለልኩ! የጠበቅኩት ራሴን ነው። እሳቸው ያፈሩበትን ነገር እኔ መደበቂያ አደረግኩት። ያን ቀን እውነቱን ብናገር የወፈረውን ደም ቀድተው ያቀሉላቸው ነበር? ይተርፉ ነበር? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። በማግስቱ ውጤቱንም ካርዱንም ቀድጄ ጣልኩ።

ሰባት ወር ያለ አንደበት ተኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አጥባቸው፣ እጃቸውን አሽላቸው ነበር። እትዬ የሺ ይመርቁኛል። አንድ ቅዳሜ እሳቸው ሱቅ ሲወጡ ወደ በሽተኛው ጆሮ ተጠጋሁ።

“ጋሽ ታፈሰ፣ ልንገራቸው?”

ደህናውን ግራ እጃቸውን አነሱ። ሊነኩኝ መሰለኝ። ብርድ ልብሱን ስበው ፊታቸው ላይ ጣሉት።

ምን ማለታቸው ነበር? አትንገሪያት ነው? ወይስ አንቺን ማየት አልፈልግም? ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። የሚመልሱልኝን ፈራሁ።

ለቅሶው ላይ እትዬ የሺ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለመጣው ሁሉ “እስከ መጨረሻው ያልተለየችን ልጄ ናት” እያሉ አስተዋወቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር በሉኝ የምላቸው ሰው የሉም፤ ላሉት ደግሞ ለመናገር ወኔ የለኝም። ዓመታት አልፈዋል፤ ወኔው አልመጣም፣ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም።

እትዬ የሺ አሁን ደም ግፊት ይዟቸዋል። በየወሩ የሚለኩት እኔ ጋ ነው፤ ሌላ ነርስ ብትጠራቸው “የልጄን እጅ ነው የማምነው” ብለው ቁጭ ይላሉ። ነገ ቀጠሯቸው ነው። ክንዳቸውን ጠቅልዬ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ሌላ ምንም አልነግራቸውም።