ሁለተኛ የማይጠየቅበት አገር

በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት፣ ማላንግ ከተማ ዳር፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሲንጋፖር የሚሄዱ ሴቶች የሚሠለጥኑበት አንድ ግቢ አለ። በዚያ ግቢ ኬስቲን የማያውቅ የለም። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። ሌሎቹ አስተማሪዎች ልብስ መተኮስና ሕፃን ማጠብ ያስተምራሉ። የእሷ ትምህርት ሌላ ነው፤ የሚፈልጉትን ነገር በእንግሊዝኛ መናገር።

ይህም ትምህርት ሆኖ ነው የሚል ሰው የጃቫን ሴት አያውቃትም። የጃቫ ሴት ሰው ቤት ሄዳ «ብዪ» ስትባል ጠግቤያለሁ ትላለች። ሆዷ ይጮሃል። ሁለተኛ ትለመናለች፤ «ግድ የለም፣ አትቸገሩ» ትላለች። እጇ ወደ ሳህኑ የሚሄደው በሦስተኛው ነው፣ እሱንም ጫፉን ቆረስ ለማድረግ ያህል። ይሉኝታ ነው። የጋባዡ ድርሻ ደግሞ መድገም ነው፤ አንዴ ብቻ ጠይቆ ዝም ያለ ሰው ከልቡ እንዳልጠየቀ ይቆጠርበታል። ይህን እኛን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጡት ጋር ጠባነው እንጂ።

ኬስቲ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ትኩስ የተጠበሰ ሙዝ በሳህን ይዛ ትገባለች። እንደ ሲንጋፖር አሠሪ ማዳም ትሆናለች። በልጃገረዶቹ መካከል እየዞረች በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች።

«ራትሚ፣ ሙዝ ትፈልጊያለሽ?»

ራትሚ ክብ ፊት ያላት፣ አፏ የማያርፍ የብሊታር ከተማ ልጅ ናት። «ኖ ማዳም፣ ታንክ ዩ» አለች አንገቷን ሰብራ።

ሳህኑ አለፋት። ቀጥሎ ያለችው በላች፣ ከእሷም ቀጥሎ ያለችው። ራትሚ ሳህኑን በዓይኗ እስከ ጥግ ሸኘችው።

«ኢቡ፣ እኔ እኮ ቁርስም አልበላሁ» አለች በመጨረሻ። ኢቡ ይሏታል፤ እናትም አስተማሪም በእኛ ዘንድ ያው አንድ ስም ነው ያላቸው።

«ታዲያ ለምን አልፈልግም አልሽ?»

«ገና ከመጠየቄ እንዴት እሺ ይባላል? ስግብግብ አይሉኝም?»

«እዚያ አገር ሁለተኛ አይጠየቅም፣ ንዱክ» አለቻት ኬስቲ፤ ትልልቆች ሴት ልጅን ሲያቆላምጡ እንደሚሉት። «ማዳም አንዴ ትጠይቅሻለች። አይ ካልሽ አይ ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ቃልሽን አምናሽ ነው። ጦምሽን የምታድሪው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ጠመኔዋን ታነሳለች። «አይ ዎንት» ደረቅ ነው ትላቸዋለች፤ ሕፃንና አለቃ የሚናገሩት ነው፣ እናንተም ሲጨንቃችሁና ሌላው ሁሉ ሲጠፋባችሁ ተናገሩት፣ የሚገድላችሁ የለም። «አይ ዉድ ላይክ» ታጥቦ የተተኮሰ ነው፤ ለማዳም እሱ ይሁን። ባገኝ አልጠላም እንደ ማለት ያለም አላቸው፤ እንግሊዞችም ትንሽ ይሉኝታ እንደተረፈላቸው በእሱ ታውቃላችሁ። በጣም ሲያምራቸው ደግሞ «ለሻይ ልሞት ነው» ይላሉ።

«ለሻይ?» አለች ራትሚ፤ «ለባል ቢሆን እንኳ ይገባኝ ነበር።»

«ለባልማ አይሞቱም፤ ይለውጡታል» ብላ ኬስቲ ስትመልስ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ኬስቲ ራሷ አልሳቀችም። ባሏ ካሊማንታን ደሴት ሄዶ ሌላ ካገባ ቆይቷል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ዊሽ» ነው። ይሄ ለማይሆን ነገር ነው ትላለች፤ ላለፈው፣ ለማይመለሰው። ለሌሎቹ ሁሉ ምሳሌ ስትደረድር ትቆይና እዚህ ስትደርስ «እሱን ራሳችሁ አስቡት» ብላ ሰሌዳውን ታጠፋለች።

ምሳሌ ጠፍቷት አይደለም። ልጇ ወኒንግ ሦስት ዓመት ሲሆናት ለገዛ እናቷ ትታት ሲንጋፖር የሄደች ሴት ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። በሰባተኛው ዓመት እናቷ አልጋ ያዘች። አሠሪዋ ማዳም ኮህ ወሬውን ሰምታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና «ወደ አገርሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ኬስቲ እጇ አረፋ እንደለበሰ «ግድ የለም ማዳም፣ እዚህም ሥራ አለ» ብላ መለሰች። ማዳም ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ኬስቲ ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ ብርጭቆ ደግማ እያጠበች ከወጥ ቤቱ አልወጣ አለች። ማዳም ተመልሳ ትጠይቀኛለች ብላ ነበር። ማዳም ግን ደግ ሴት ነበረች፤ የጠየቀችውን ጠይቃለች፣ የተመለሰላትን ሰምታለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የኬስቲ ወንድም የእናታቸውን ሞት ሊያረዳት ደወለ።

ኋላ እንደ ሰማችው፣ እናቷንም «ኬስቲን እንጥራልሽ?» ብለዋት ነበር። «ተዉአት፣ ልጄን አታስቸግሯት» አለች አሉ። ወንድሟ ነገ ደግሜ እጠይቃታለሁ ብሎ አደረ፤ ነገ አልደረሰላቸውም። እናትና ልጅ በየአልጋቸው ተኝተው፣ እየተፈላለጉ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው ሳይተያዩ የቀሩት።

ስትመለስ ወኒንግ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በር ላይ ተቀብላ የእናቷን እጅ ግንባሯ ላይ አስነክታ ሳመችና ለእንግዳ በሚነገር ትሁት ቋንቋ «ደህና ገቡ?» አለቻት። አንቱታው ባይቀርም፣ ያ እንግድነት እስኪለቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጥላ «ኢቡ፣ እንቁላል መብላት እፈልጋለሁ» ስትል፣ ኬስቲ ወጥ ቤት ገብታ እንቁላሉን እየጠበሰች አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለልጇ ያላስተማረችው የለም። ሲጠይቁሽ የልብሽን ተናገሪ ትላት ነበር፤ ሰው የመለሰልሽን ደግሞ እመኚው፣ እኔ ያጣሁትን እንዳታጪ። ወኒንግ ጎበዝ ናት፣ አንዴ የተነገራትን አትረሳም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ያቺው ወኒንግ ከሥራ ገብታ «ስሜን አስመዘግቤያለሁ፤ ሲንጋፖር» አለች። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሄደዋል፤ የጎረቤቶቹ ቤት ሸክላ ለብሷል፤ የእነሱ ወጥ ቤት ገና ኮርኒስ የለውም። ኬስቲ «አሰብሽበት?» ብቻ ነው ያለችው። ልቧ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ልጄ አትሂድብኝ። መፈለግን በስንት ዓይነት አነጋገር የምታስተምር ሴት፣ አንዱም ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ዘጠኝ ዓመት ጥያት ሄጄ አሁን በየትኛው ዓይኔ ቅሪልኝ እላለሁ አለች ለራሷ። ሌላ ቢጠይቃት ትናገር ነበር። ልጅቷ ራሷ ብትጠይቃት፣ ደግሞም ብትለምናት፣ ያን ጊዜ ይሉኝታው ይነሳላት ነበር።

ወኒንግ ጠየቀች።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ነው፣ እሑድ ከሰዓት። ዝናቡ ይወርዳል። ኬስቲ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ወኒንግ ከኋላዋ ሆና ሽበት እየለየች ትነቅልላታለች። ፊት ለፊት አይተያዩም።

«ሽበትዎ በዛ፤ ቀስ ብሎ መላጣ ሊያደርግዎት ነው» አለች ወኒንግ።

«አንቺ ነሽ ያበዛሽው፤ ጥቁሩንም አብረሽ ትነቅያለሽ።»

ወኒንግ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኢቡ፣ እንድቀር ይፈልጋሉ?» አለች።

ቃሉ የኬስቲ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ኧረ ስለ እኔ አታስቢ፤ አንቺ ደስ ያለሽን አድርጊ» የሚል ሆነ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ መጀመሪያ ላይ ሌላ አይባልም። ከዚያ ጠበቀች። ከኋላዋ የልጇ ጣቶች ፀጉሯ ውስጥ ቆመዋል። ደግመሽ ጠይቂኝ አለች በልቧ፣ አንዴ ብቻ ደግመሽ ጠይቂኝ።

ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። «እሺ ኢቡ» አለች ወኒንግ። አንድ ሽበት ነቀለችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባሱ ወደ ሱራባያ አውሮፕላን ጣቢያ ይዟት ሄደ። ኬስቲ ከግቢው በር ላይ እጇን አወዛወዘች። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሩዝ መቀቀሏን መተው አልቻለችም፤ የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮ ትሰጣለች።

በወሩ ወኒንግ የዕረፍት ቀኗ ላይ ደወለች። እሑድ ረፋድ ነበር። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አሁንም ሙዙን ያዞራሉ?»

«አዞራለሁ።»

«ያሉት ልክ ነው። እዚህ ሁለተኛ አይጠይቁም። ኢቡ፣ ያን ዕለት ሽበትዎን ስነቅል... እውነት እንድሄድ ፈልገው ነበር?»

አሁን ባሕር በመካከላቸው ገባና የኬስቲ ምላስ ተፈታ። «አልፈለግኩም» አለች። «አንድም ቀን አልፈለግኩም፣ ንዱክ።»

ከወዲያ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል።

«እኔም መሄድ አልፈለግኩም ነበር» አለች ወኒንግ። «ቅሪ ይሉኛል ብዬ ነው የጠየቅኩዎት። ዕቃዬን እንኳ በደንብ አላሰርኩም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ደግመሽ ብትጠይቂኝ?»

«ሰው የመለሰልሽን እመኚ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ወቀሳ አልነበረበትም። ልጅቷ የተማረችውን ነው የተናገረችው። ኬስቲን የገደላትም እሱ ነው። የሥራ ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህ ስለ እሱ አላወሩም። ወኒንግ ጓደኞቿ እየጠበቋት እንደሆነ ተናግራ ተሰናበተች። ኬስቲ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝናቡ እስኪጀምር በረንዳው ላይ ቀረች፤ አላለቀሰችም፣ የሚያለቅስ ነገር ውስጧ አልቀረም።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። አዲስ ሴቶች ገብተዋል። ኬስቲ ሙዙን ይዛ ዞረች። ከትሬንጋሌክ ገጠር የመጣች አንዲት ደቃቃ ልጅ ጋ ስትደርስ ሳህኑን ዘረጋችና ጠየቀቻት። ልጅቷ ምራቋን ውጣ «ኖ ማዳም፣ ታንክ ዩ» አለች።

ሳህኑ ልጅቷ ፊት ቆመ። ሌላ ጊዜ እንዲህ አይቆምም፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «በሞቴ» የሚለው የኬስቲ አፍ ውስጥ ነበር፣ አንድ ጊዜ ደግማ ብትጠይቃት ምን አለበት። ግን ይህቺ ልጅ በወሩ እዚያ ናት፤ እዚያ ደግሞ የሚደግምላት የለም።

ሳህኑን አሳለፈችው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ኬስቲ ቀና ብላ አላየቻትም፤ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።